ከአርበኞች ማኅበር ሽማግሌ ጋራ እንዴት እንተዋወቅ?

የተከበራችሁ አድማጮች፤ በአሶሳ ከተማና በዙሪያዋ፣ በባምባሲና በሆሞሻ፣ በመንጌና በኩርሙክ፣ ከዓባይ ማዶም በጉባና በዳንጉር የምትገኙ ሁላችሁ፥ ለዛሬው ትምህርታችን የመረጥነው ርእስ ሲሰሙት ቀላል የሚመስል፣ ሲያስቡበት ግን እየጠለቀ የሚሄድ ነው፤ ይኸውም በሠፈራችን፣ በዕድራችን፣ በአርበኞች ወይም በጡረተኛ ወታደሮች ማኅበር ከምናገኛቸው ከአንድ ሽማግሌ ጋራ በእውነት መተዋወቅ እንዴት ይቻላል የሚል ነው።

እኒህን ሰው በመልክ የማያውቃቸው የለም። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የድል በዓል ሲከበር፣ የካቲት 12 ቀን ሰማዕታት ሲታሰቡ፣ የካቲት 23 ቀን የዐድዋ ድል ሲዘከር፥ ደረታቸውን በሜዳልያ አስጊጠው ከፊተኛው ወንበር ይቀመጣሉ፤ ስማቸው ይጠራል፣ ይጨበጨብላቸዋል፣ ጉልበት ካላቸውም ተነሥተው ይፎክራሉ፤ በዓሉ ሲፈጸም ከዘራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ እኛም እስከሚመጣው ዓመት ድረስ ከፎቶግራፋቸው በቀር የእሳቸው የሆነ ነገር በእጃችን አይቀርም። ይህን እኔ ትልቅ ጉዳት አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ ሜዳልያውን አክብረን ባለሜዳልያውን ሳናውቅ የምንቀር ከሆነ፥ አክብሮታችን ከልብስና ከብረት አላለፈም ማለት ነውና።

ጊዜውም አይጠብቀንም። በ1933 ዓ.ም. ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ በሕይወት ቢገኝ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያለፈ ነው፤ በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋራ ወደ ኮሪያ የዘመተው ጎልማሳም ወደ መቶው ተጠግቷል፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ያደረጉት ወታደሮች እንኳ ዛሬ ሽበት የወረሳቸው፣ የልጅ ልጅ ያዩ አባቶች ሆነዋል። ስለዚህ ዛሬ በበዓሉ ሰልፍ ላይ ከአርበኛው ይልቅ የአርበኛው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የአባቱን ሜዳልያ አንጠልጥሎ ብናገኘው የሚያስደንቅ አይደለም፤ እሱም የአባቱን ቃል በልቡናው ይዞ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ምስክርነቱ በዓይን ካየው ሰው ምስክርነት ሁለተኛ ቢሆንም የሚናቅ አይሆንም።

ትውውቁን ከሜዳልያው መጀመር ነውር የለበትም። በጠላት ወረራ ዘመን በዱር በገደል ለተጋደሉት የተሰጠው የአርበኝነት ሜዳልያ በጥብጣቡ ላይ የዘንባባ ምልክት ያለበት ሲሆን፥ የዘንባባው ቍጥር አርበኛው በተጋድሎ የኖረበትን የዓመት ቍጥር ያመለክታል፤ «ባለ አምስት ዘንባባ» የሚባለው አርበኛም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስቱን የመከራ ዓመታት ሳያቋርጥ የታገለ ነው። ይህን የሚያውቅ ወጣት ከሽማግሌው ፊት ቀርቦ፥ «አባባ፥ ሦስቱን ዘንባባ በየትኛው አገር ሆነው ነው ያገኙት?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሽማግሌው ወዲያው ቀና ብለው እንደሚያዩት አልጠራጠርም፤ የሚያናግራቸው ሰው የደረታቸውን ጽሕፈት ማንበብ የሚያውቅ መሆኑን ተረድተዋልና። ይሁን እንጂ ዘንባባው የዓመቱን ቍጥር እንጂ ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ አይናገርም፤ ይህን የሚናገሩት ባለቤቱ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ስለ ጥያቄ እንነጋገር። ብዙ ሰዎች ከአንድ አርበኛ ፊት እንደ ተቀመጡ ፈጥነው የሚያቀርቡት ጥያቄ፥ «ስንት ጠላት ገደሉ?» የሚል ነው፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ የከፋ ጥያቄ የለም። አንደኛ፥ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ፉከራ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ ፉከራ የራሱ ሥርዐት፣ የራሱ ዜማና ክብር ያለው የአባቶች ትውፊት ስለ ሆነ የምንነቅፈው አይደለም፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ጀግናው እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም፤ ጀግናው አይርበውም፣ አይፈራም፣ እናቱ አትናፍቀውም። ሁለተኛ፥ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው፥ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፥ ስለ አገሩና ስለ ሃይማኖቱ ቢዋጋም እንኳ፥ ያጠፋው ነፍስ በሕሊናው ውስጥ ይከብዳል፤ ይህ ደግሞ በእሱና በፈጣሪው፣ ወይም በእሱና በነፍስ አባቱ መካከል ያለ ጉዳይ ስለ ሆነ፥ በገበያና በበዓል አደባባይ የሚጠየቅ አይደለም።

የሚጠየቀው ሌላ ነው። ምን ትበሉ ነበር? ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር? ቍስል በምን ይታከም ነበር? ጫማ ነበራችሁን? ጥይቱ ሲያልቅ ከየት ይመጣ ነበር? ከሁሉም ይበልጥ ደግሞ፥ «ከአጠገብዎ የወደቀው ጓደኛዎ ስሙ ማን ነበር? የማን ልጅ ነበር? ከየት አገር የመጣ ነበር?» የሚለው ነው። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከቀረበ በኋላ ዝምታ ቢወድቅ፥ ዝምታውን በሌላ ጥያቄ አትቍረጡት፤ ሽማግሌው እየፈለጉት ነው።

እንዲህ ያለው ትንሽ ጥያቄ የታላቁን ታሪክ ጎዶሎ የሚሞላ መሆኑን ለማስረዳት፥ ከዚሁ ከአገራችን የተፈጸመውን አንድ ነገር እንመልከት። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ በሱዳን ድንበር ላይ ባለችው በኦሜድላ ወደ አገራቸው ገብተው ሰንደቅ ዓላማችንን ከሰቀሉ በኋላ፥ ዛሬ በመተከል ውስጥ በዳንጉር ወረዳ ወደሚገኘው ወደ በላያ ተራራ ጕዞ ጀመሩ። ከእሳቸውም ቀደም ብለው፥ በነሐሴ ወር 1932 ዓ.ም.፥ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ድንበሩን ተሻግረው ከጎጃም አርበኞች ጋራ ለመገናኘት ችለው ነበር፤ የዘመቻው አዛዥ የነበረውም ዊንጌት የተባለው የእንግሊዝ መኰንን ነበር። ይህን ሁሉ መጻሕፍት ይነግሩናል። እንደዚሁም የጦሩን ስንቅና ጥይት እንዲሸከሙ ከሱዳን የመጡት ግመሎች ወደ 15,000 የሚጠጉ እንደ ነበሩ፥ እነዚህም እንስሳት በመጀመሪያ በበላያ መንገድ ባለው ደረቅ ቈላና ድንጋይ፣ ቀጥሎም በጎጃም ዳገትና ብርድ ከጥቂቶቹ በቀር በመንገድ ማለቃቸውን ይነግሩናል። ነገር ግን ለእነዚያ ግመሎች የውሃውን ጕድጓድ ያሳየው የቈላ ሰው ማን ነበር? ግመሉ ሲወድቅ ጭነቱን በራሱ ትከሻ ያነሣው ማን ነበር? ቍጥቋጦውን እየመነጠረ መንገድ ያወጣውስ? ይህን ሁሉ ስም በመጽሐፍ አታገኙትም፤ ቢገኝ የሚገኘው ከሽማግሌ አንደበት ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ እሱም የዘመን ቈጠራ ነው። አባቶቻችን ነገርን የሚያስታውሱት በወርና በዓመት ቍጥር ሳይሆን በበዓል፣ በጾም፣ በዝናምና በመከር ነው፤ ስለዚህ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብሎ የሚያስጨንቅ ጠያቂ ወይ ስሕተት ይቀበላል፣ ወይ መልስ ያጣል። «በቃና ዘገሊላ ዕለት ነበር፤ ጥምቀት ባለፈ በማግሥቱ» ቢሉት ግን፥ ጥር 12 መሆኑን ራሱ ሊያገኘው ይችላል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ የገቡትም በዚሁ ዕለት ነበር። በ1933 ዓ.ም. ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነበርና፥ «ንጉሡ አዲስ አበባ ሲገቡ ገና ከጾም ወጥተን ሥጋ እንበላ ነበር» የሚል ሽማግሌ ቢያጋጥማችሁ፥ ሚያዝያ 27 ቀን ከትንሣኤ በኋላ በዐሥራ አምስተኛው ቀን ስለ ሆነ፥ ትዝታቸው ትክክል ነው ማለት ነው። እስላም ወገኖቻችንም ረመዳንን፣ ዐረፋንና መውሊድን መቍጠሪያ አድርገው እንደሚናገሩ መዘንጋት አይገባም፤ የጨረቃው አቈጣጠር በየዓመቱ ወደ ኋላ ስለሚሳብ፥ «ያን ጊዜ መውሊድ አንድ ወር ያህል ይቀረው ነበር» የሚል ቃል ለሚያውቅበት ሰው ከማናቸውም ማኅተም የበለጠ ማስረጃ ነው።

ይህን ምሳሌ ያለ ምክንያት አላመጣሁትም። የአሶሳ ከተማ ከጠላት እጅ የወጣችው መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ማክሰኞ ዕለት ነበር፤ ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም በምኵራብ ሳምንት፣ እስላሙም መውሊድ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ማለት ነው። ከተማዪቱን የያዘውስ ማን ነበር? ይህን ብዙዎቻችሁ ያልሰማችሁት ሊሆን ስለሚችል ጥቂት እንቈይበት። ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ተባብረው፣ ከምሥራቅ ኮንጎ ተነሥተው፣ ሰፊውን የሱዳንን ምድር አቋርጠው፣ በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ የገቡት የቤልጅክ ኮንጎ ወታደሮች ነበሩ። ከአሶሳ ድል በኋላ መጋቢት 14 ቀን ጋምቤላ ተያዘች፤ ከዚያም በክረምቱ ዝናም፣ በረኃብና በበሽታ መካከል ከታገሉ በኋላ፥ ሰኔ 26 ቀን ሳዮ ላይ፥ ማለት በዛሬው ደምቢዶሎ፥ የኢጣልያው ጄኔራል ጋዜራ ለኮንጎው ጦር አዛዥ ለጄኔራል ዢሊያር እጁን ሰጠ።

አድማጮቼ ሆይ፤ ነገሩን በጥሞና ተመልከቱት። የእነዚህ ወታደሮች ገዥ የነበረችው ቤልጅክ ራሷ በዚያን ጊዜ በጀርመን ጦር ተይዛ ነበር፤ ወታደሮቹም በገዛ አገራቸው በቅኝ ግዛት ቀንበር ሥር የነበሩ አፍሪካውያን ነበሩ። ስለ ገዛ አገራቸው ነጻነት ለመናገር ያልተፈቀደላቸው ሰዎች ሌላውን የአፍሪካ አገር ነጻ ለማውጣት መጡ፤ ከእነሱም ብዙዎች በእኛ ምድር ወድቀው ቀሩ። ስንቅ እየተሸከሙ ከኋላ የሚከተሏቸውም የአገራቸው ሰዎች ነበሩ፤ የተሸካሚ ስም ደግሞ በድል ማግሥት የሚታወስበት አገር ጥቂት ነው። የኮንጎ ሰዎች ግን አልረሱም፤ በኪንሻሳ ከተማ እስከ ዛሬ ድረስ አሶሳ፣ ጋምቤላና ሳዮ የሚባሉ ጎዳናዎች አሉ። አንድ የኪንሻሳ ልጅ የአሶሳን ስም በየዕለቱ እየጠራ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ፥ የአሶሳ ልጅ ግን የኮንጎ ወታደሮች በከተማው ማለፋቸውን ሳይሰማ እንዲያድግ ማድረጋችን፥ በግልጽ ልናገር፥ ውለታ መዘንጋት ነው።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። ኮንጎ በሰኔ ወር 1952 ዓ.ም. ነጻነቷን ባገኘች ጊዜ ወዲያውኑ ሁከት ስለ ተነሣባት፥ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጦር እንዲገባ ሲወስን፥ ኢትዮጵያም ጠቅል ብርጌድ የሚባለውን ጦሯን ላከች፤ ወታደሮቻችን በምሥራቅ ኮንጎ በስታንሊቪል፥ ማለት በዛሬዪቱ ኪሳንጋኒ፥ በሰላም አስከባሪነት ሰፈሩ፤ ኋላም ጄኔራል ከበደ ገብሬ በኮንጎ የነበረውን የድርጅቱን ጦር በጠቅላላው ለማዘዝ በቅተዋል። እንግዲህ በማኅበራችሁ ውስጥ «እኔ የኮንጎ ዘማች ነኝ» የሚሉ ሽማግሌ ብታገኙ፥ ከፊታችሁ ያሉት ሰው፥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ የኮንጎ ወታደሮች ለእኛ የሞቱበትን ብድር፥ ምናልባት ራሳቸውም ሳያውቁት፥ ከወታደሮቹ አገር ድረስ ሄደው የከፈሉ ናቸው። ይህን ታሪክ ብትነግሯቸው ደስ ይላቸዋል፤ ትውውቅ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን መስጠትም ነውና፥ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።

አንዳንዱ ሽማግሌ ደግሞ ምንም አይናገሩም። ይህን እንደ ትዕቢት ወይም እንደ መርሳት አትቍጠሩት፤ ዝምታም ታሪክ አለውና። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ተራራዎች ላይ ከ120 በላይ ጓደኞቻቸውን ሠውተው፣ አንድም ምርኮኛ ለጠላት ሳይሰጡ፣ ወላጆቻቸው በጦርነቱ ለሞቱባቸው የኮሪያ ሕፃናትም ማሳደጊያ አቋቁመው በክብር ተመለሱ። ከ1966 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን አዲሱ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋራ ወዳጅነት ስለ ያዘ፥ ብዙዎቹ ሜዳልያቸውን ደብቀው፣ የዘመቱበትን አገር ስም ለልጆቻቸው እንኳ ሳያነሡ ዓመታትን አሳለፉ። ሌላው ሽማግሌ ደግሞ ዝም የሚሉት ስለ ጎረቤታቸው ሲሉ ነው፤ የጎረቤታቸው አባት በጠላት ጦር ውስጥ አስካሪ ወይም ባንዳ የነበረ እንደ ሆነ፥ ሁለቱ ቤተ ሰቦች ተጋብተው፣ በአንድ ዕድር ተቀባብረው እየኖሩ ሳለ፥ የቀድሞውን መቀስቀስ አይወዱም። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡበት ዕለት ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አስጠንቅቀው ነበር፤ ያን ቃል ሽማግሌው በየቀኑ እየፈጸሙት ሊሆን ይችላልና፥ ያልተናገሩትን በግድ አታውጡባቸው።

ስለ እናቶቻችንም ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆንብኛል። የአርበኛው ስንቅ በማን እጅ ተፈጨ? ደብዳቤውን በመቀነቷ ቋጥራ የጠላትን ኬላ ያለፈችው ማን ነበረች? ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በውስጥ አርበኝነት ስታገለግል ተይዛ በኢጣልያ ምድር ባለችው በአዚናራ ደሴት እስከ መታሰር የደረሰች መሆኗ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ስሟ በመዝገብ ያልገባ ስንት ሸዋረገድ በየመንደሩ ኖራለች! ስለዚህ ከሽማግሌው ጋራ ስትጫወቱ ባለቤታቸውን ቡና ታፍላ ብላችሁ ከጨዋታው አታርቋቸው፤ ብዙ ጊዜ ባል የጦርነቱን ቦታ ሲያስታውስ፣ ዓመቱንና የሰዎቹን ስም የምታርመው ሚስት ናት።

በእኛ አገር ደግሞ ትዝታው ከአንድ ምንጭ ብቻ አልመጣም። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌላም ስፍራ በመኪና ተጭነው በአሶሳ ዙሪያ የሰፈሩት ወገኖቻችን፥ እስከ ዛሬ በቍጥር በሚጠሩት መንደሮች ውስጥ፥ የላስታውን ጌታ የደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ተጋድሎና በ1930 ዓ.ም. የሞቱትን ሞት ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች አሏቸው። የበርታው ሽማግሌ ደግሞ የኩርሙክን መንገድ፣ የጉሙዙ ሽማግሌ የበላያን ቈላ፣ የሺናሻው፣ የማኦውና የኮሞው እንዲሁ የየራሱን ያውቃል። የእሳቸውን ቋንቋ የማታውቁ እንደ ሆነ አስተርጓሚ ፈልጉ፤ የሚሻለውም የገዛ የልጅ ልጃቸው ነው፤ ሲያስተረጕም ሳያውቀው ይማራልና። አጠራራችሁም እንደ ማዕርጋቸው ይሁን፤ ሼክ የሆኑትን ሼክ፣ ሐጂ የሆኑትን ሐጂ፣ በጦር ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ወይም ሻለቃ የነበሩትን በዚያው፣ ማዕርጋቸውን ለማታውቁት ደግሞ አባባ ወይም ጋሼ በሉ።

በመጨረሻ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄዱ ደብተርም ቢሆን የድምፅ መቅጃም ቢሆን አታውጡ፤ ዘመድ ጠያቂ ሆናችሁ ተቀመጡ። በሁለተኛው ጊዜ ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ፤ ዋና ዋናውንም በጽሑፍ አስፍሩ፤ በተለይ የሰውና የቦታ ስም እንዴት እንደሚጻፍ ደጋግማችሁ አረጋግጡ። በሦስተኛው የጻፋችሁትን ጮኽ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ «ይህ ይውጣ» ያሉትን ያለ ክርክር አውጡት፣ «ይህ ይጨመር» ያሉትንም ጨምሩ። ከዚያ አንዱን ቅጂ ለቤተ ሰባቸው፣ አንዱን ለማኅበራቸው፣ አንዱንም ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። የታሪክ መምህራን ሆይ፤ ይህን ሥራ ለተማሪዎቻችሁ የዓመት የቤት ሥራ አድርጋችሁ እንድትሰጡ በትሕትና እለምናችኋለሁ፤ ከአንድ ክፍል ሠላሳ ደብተር ቢሰበሰብ በክልላችን ውስጥ እስከ ዛሬ ያልነበረ መዝገብ ይሆናል።

የኮንጎ ወታደሮች አሶሳ በገቡበት ዕለት የስምንት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከዘጠና ዓመት በላይ ነው። እንዲህ ያሉ አባት ወይም እናት በኩርሙክ መንገድ፣ በመንጌ፣ በሆሞሻ ወይም በአሶሳ ውስጥ የምታውቁ ሁሉ፥ እስከሚመጣው በዓል ድረስ አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ሂዱና ጠይቋቸው።